የወሩን ርእስ ስለ መምረጥ፤ ከጃፓን ባለቅኔዎች ልማድ

ግጥም መግጠም ሙያ ነው፤ ርእስ መስጠት ግን ምን ሙያ ይጠይቃል? ማንም ሰው አንድ ቃል ጠርቶ «በዚህ ላይ ግጠሙ» ለማለት ይችላል የሚል አይታጣም። እኔ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት፥ የትምህርት ቤታችን የሥነ ጽሑፍ ክበብ የጃፓንን አጭር ግጥም አብነት አድርጎ በየወሩ መጻፍ ከጀመረ ወዲህ፥ የሚመጣውን ዓመት ርእሶች እንድመርጥ ጓደኞቼ ስላዘዙኝ ነው። ርእስ የመምረጥ ነገር በጃፓን አገር ከሺህ ዓመት በላይ የታሰበበት ሥራ መሆኑን ከመጻሕፍት ባየሁ ጊዜ፥ ያገኘሁትን ለክበቡ አባሎች ብቻ ሳይሆን ለመምህራንና ለወላጆችም ባቀርበው ሳይጠቅም አይቀርም ብዬ አሰብሁ። የኛ አቆጣጠር መሆኑን ካልገለጽሁ በቀር ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ግጥሙ መልክ ጥቂት ቃል ልናገር። ጃፓኖች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ታንካ የተባለው ግጥም በአምስት ሐረግ የተከፈለ 31 ቀለም ነው፤ ይኸውም 5፥ 7፥ 5፥ 7፥ 7 ነው። ሃይኩ የሚባለው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሐረጎች ብቻ ይዞ በ17 ቀለም ያበቃል። ቤት የመምታት ግዴታ የለበትም። ካና የሚሉት ፊደላቸው እንደ እኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት የሚይዝ ስለ ሆነ፥ ቀለም መቍጠር በእነሱ ዘንድ ሕፃን ልጅም የሚችለው ነገር ነው። (እኛን የሚያስቸግረን ሳድሱ ነው፤ አንዳንዱ ይነበባል፥ አንዳንዱ ይዋጣል። በዚህ ምክንያት በክበባችን የተደረገውን ክርክር ሁሉ ብጽፈው መጽሔቱ አይበቃውም።) እንግዲህ 17 ቀለም ማለት የአንድ ትንፋሽ ያህል ነው። በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ነገሩ የት እንደ ሆነ፥ መቼ እንደ ሆነ፥ አየሩ ምን ይመስል እንደ ነበረ ለማስረዳት ቦታ አይገኝም። ይህን ሸክም ከገጣሚው ላይ የሚያነሣለት ርእሱ ነው።

ይህ እንዴት ይሆናል ቢባል፥ በጃፓን ልማድ የሃይኩ ርእስ አብዛኛውን ጊዜ የወቅት ቃል ነው። እነሱ «ኪጎ» ይሉታል። «ጨረቃ» ብቻ ቢባል የመጸው ጨረቃ ማለት ነው፤ «አበባ» ብቻ ቢባል በጸደይ የሚፈነዳው የሳኩራ አበባ ማለት ነው። እንቁራሪት የጸደይ ናት፤ ልጆች የሚጫወቱበት ዥዋዥዌም እንኳ የጸደይ ነው። «ቀዝቀዝ ያለ አየር» የሚለው ደግሞ እንግዳ ሰው እንደሚመስለው የብርድ ወራት ቃል ሳይሆን የበጋ ነው፤ ቀዝቃዛ ነፋስ ደስ የሚያሰኘው በሙቀት ጊዜ ነውና። ስለዚህ ገጣሚው ያን አንድ ቃል በጠራ ጊዜ ወሩ፥ ሰማዩ፥ የሰዉ ልብስና የገበያው ሽታ ሳይቀር አብረው ይመጡለታል። እዚህ ላይ የወቅቶቹን ስም በአማርኛ ስጽፍ አንባቢ እንዳይሳሳት አሳስባለሁ፤ የጃፓን ክረምት የብርድና በብዙ ቦታ የበረዶ ጊዜ ነው እንጂ እንደ እኛ የዝናብ ጊዜ አይደለም። በጋቸውም ወበቅ ያለበት ነው፤ በመግቢያውም ብዙ ዝናብ ይወርዳል።

ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ የቀንና የሌሊት ርእሶች ነገር ነው። «ረጅም ቀን» የጸደይ ቃል ነው፤ «አጭር ሌሊት» የበጋ፥ «ረጅም ሌሊት» የመጸው፥ «አጭር ቀን» የክረምት። በሰዓት ቢለካ ከሁሉ የሚረዝመው ቀን በበጋ ነው፤ ከሁሉ የሚረዝመውም ሌሊት በክረምት ነው። ነገር ግን ከክረምት ጨለማ የወጣ ሰው «ቀኑ ረዘመ» ብሎ የሚደሰተው በጸደይ ነው፤ በሙቀት ምክንያት እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ የሚያዝነው ሌሊቱ ገና ሳይቀዘቅዝ በመንጋቱ ነው። እንግዲህ ቃሉ ወቅቱን ያገኘው ከሰዓት መለኪያ ሳይሆን ሰው ነገሩን ካስተዋለበት ጊዜ ነው። የርእስ መራጭም ሥራ ይኸው ይመስለኛል፤ ሁሉ የሚያየውን ነገር ሁሉ በሚያይበት ጊዜ በስሙ መጥራት።

እነዚህ ቃላት «ሳይጂኪ» በሚባል መጽሐፍ ተመዝግበው ይገኛሉ። ደራሲው ታኪዛዋ ባኪን በ1803 ያሳተመው ሳይጂኪ ከሁለት ሺህ በላይ የወቅት ቃላት ነበሩት። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ታትመዋል፤ ከእነዚህም አንዱ ታካሃማ ኪዮሺ (1874–1959) በ1934 ያወጣው ነው። በኪስ የሚያዝ አለ፥ በብዙ ቅጽ ተከፍሎ መደርደሪያ የሚሞላም አለ። መጽሐፉ በየወቅቱ ሥር ቃላቱን በሰባት ክፍል ያስቀምጣቸዋል፤ ይኸውም ጊዜ፥ ሰማይ፥ ምድር፥ የሰው ኑሮ፥ በዓላት፥ እንስሳትና ዕፀዋት ናቸው። ሳያስብ የሚመርጥ ሰው ዓመቱን ሙሉ አበባ በአበባ ያደርገዋል፤ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ገጣሚዎቹ ይሰለቻሉ። በእነዚህ ሰባት ክፍሎች የሚሄድ ግን በአንዱ ወር ከሰማይ ይወስዳል፥ በሁለተኛው ከወጥ ቤት፥ በሦስተኛው ከነፍሳት። የዛፍ ስም ለማያውቅ የከተማ ልጅም አንድ ቀን ተራው ይደርሰዋል።

ቢሆንም መጽሐፉ የሰማዩን ጠባይ ሁልጊዜ አይከተልም። ጃፓን የጥንቱን የጨረቃ አቆጣጠር ትታ የአውሮፓን የተቀበለችው ከ1873 መጀመሪያ ጀምሮ ነው። በጥንቱ አቆጣጠር አዲስ ዓመት በጸደይ ደጃፍ ላይ ይውል ነበር፤ በአዲሱ ግን በብርዱ መካከል ወደቀ። የመዝገቡ አዘጋጆች ወይ ጸደይ ወይ ክረምት ብለው መፍረድ ቢቸግራቸው፥ «አዲስ ዓመት» የሚል አምስተኛ ክፍል ጨመሩ። ታናባታ የሚባለው የከዋክብት በዓል በሰባተኛው ወር በሰባተኛው ቀን ይውላል፤ ዛሬ ብዙ ቦታ በጁላይ 7 ሲያከብሩት ሰማዩ በደመና እንደ ተሸፈነ ነው፤ በመዝገቡ ግን አሁንም የመጸው በዓል ነው። በዚህ አቆጣጠር መጸው የሚገባው በኦገስት 7 ወይም 8 ነው። ከዚህም የተነሣ በጣም የሚያሳዝን ነገር አለ። በ1945 የአቶሚክ ቦምብ በሂሮሺማ ላይ የወደቀው በኦገስት 6፥ በናጋሳኪ ላይ የወደቀው በኦገስት 9 ነው። የሁለቱ ከተሞች መታሰቢያ በሦስት ቀን ብቻ የተለያየ ሲሆን፥ በወቅት መዝገብ የሂሮሺማው የበጋ ቃል፥ የናጋሳኪው የመጸው ቃል ሆኖ ተጽፏል።

ይህ ነገር ለጃፓን ሰዎች ብቻ የደረሰ እንዳይመስለን። በእኛም የዘመን አከፋፈል ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቀን ነው፤ ስለዚህ የአደይ አበባ ሜዳውን ሸፍኖ እንቍጣጣሽ ሲዘፈን ገና በክረምት ውስጥ ነን። መስከረም አንድ ቀን ከሰማዩ ቀና ብሎ ያየ ሰው ግን ይህን ለመቀበል ይከብደዋል።

ርእስ መራጩ ሌላም ጭንቅ አለበት። ገጣሚዎቹ ወጥተው ነገሩን በዓይናቸው እንዲያዩት ርእሱ ቀደም ብሎ መነገር አለበት። ማሳኦካ ሺኪ (1867–1902) የተባለው የማትሱያማ ሰው፥ እርሱም ሃይኩን በዛሬው ስሙ ያቆመው ነው፥ ገጣሚ እንደ ሠዓሊ ካየው ነገር ላይ ይቅዳ ብሎ ካስተማረ ወዲህ ይህ ማየት የሚሉት ነገር ግዴታ እስከ መምሰል ደርሷል። ነገር ግን አበባ ቀጠሮ አያከብርም። በኪዮቶ የሳኩራው አበባ በ2021 ሙሉ ለሙሉ የፈነዳው በማርች 26 ነበር፤ ከ1200 ዓመት በላይ ወደ ኋላ በሚሄደው መዝገብ ውስጥ እስከዚያ ዓመት ድረስ እንዲህ የቀደመ አልታየም። ምድር እየሞቀች በሄደች መጠን «ሳኩራ ለኤፕሪል ይሁን» ብሎ በልማድ የሚወስን ሰው፥ ገጣሚዎቹን ወደ ረገፈ ዛፍ ይልካቸዋል።

አሁን ደግሞ ስለ ርእስ ስፋትና ጥበት ልናገር፤ የእኛ ክበብ ብዙ የሚማርበት እዚህ ላይ ነውና። በክበባችን የመጀመሪያው ወር ርእስ «ሰላም» ነበር። ከቀረቡት ግጥሞች መካከል ርግብ የሌለባቸው ሁለት ብቻ ነበሩ። ጓደኞቼ ሰነፎች ሆነው አይደለም፤ ሰፊ ቃል ሲሰጠው ሰው ሁሉ ቀድሞ ወደ ተረገጠው መንገድ መሄዱ የታወቀ ነው።

ጃፓኖች ይህን ከጥንት ያወቁት ይመስላል። በ905 በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ የተሰናዳው ኮኪንሹ የተባለው መድበል 20 መጽሐፍ ያለው ሲሆን፥ የመጀመሪያዎቹ 6 በወቅቶች ተራ የተደረደሩ ናቸው፤ 5ቱ ደግሞ ስለ ፍቅር ናቸው። የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ግራና ቀኝ ተሰልፈው በአንድ ርእስ ሁለት ግጥም እያቀረቡ በዳኛ ፊት ይገጥሙ ነበር። በ1193 ገደማ ፉጂዋራ ኖ ዮሺትሱኔ ባሰናዳው ታላቅ ግጥሚያ 12 ባለቅኔዎች በ100 ርእሶች እያንዳንዳቸው 100 ግጥም አቀረቡ፤ ሁሉም 1,200 ግጥም፥ 600 ግጥሚያ ሆነ። ዳኛው ሽማግሌው ፉጂዋራ ኖ ሹንዜይ ነበር። ከርእሶቹ 50 ስለ ወቅቶች፥ 50 ስለ ፍቅር ነበሩ። አሁን ልብ በሉ፤ «ፍቅር» የሚል አንድ ርእስ ሰጥተው ሃምሳ ጊዜ ግጠሙ አላሉም። የተሰወረ ፍቅር፥ የራቀ ፍቅር፥ የቀረበ ፍቅር፥ በእርጅና ጊዜ ያለ ፍቅር፥ በጨረቃ ተመስሎ የሚነገር ፍቅር እያሉ ከፋፈሉት። የቀረበ ፍቅር በምን ያስጨንቃል? ይህን ሳነብ ለማሰብ ተገደድሁ፤ ገጣሚውንም የሚያስገድደው ይህ ነው።

ከዚህም ጋር የሚሄድ አንድ ሕግ አላቸው። ርእሱ ራሱ ስሜት ይዞ ስለሚመጣ ገጣሚው ያንኑ ስሜት ደግሞ ቢናገር ግጥሙ «ከርእሱ ጋር ተጣበቀ» ተብሎ ይነቀፋል። «ረጅም ሌሊት» የሚል ርእስ የተሰጠው ሰው ብቻዬን ነኝ፥ አዘንሁ ማለት አያስፈልገውም፤ ሌሊቱ ተናግሮለታል። ስለ ጫማው፥ ስለ ጎረቤቱ ሳል፥ ስለ ሰዓቱ መምቻ ቢናገር ይሻለዋል። በእኛ አገር ቅኔ ሰሙን ሲሰሙ ወርቁን ፈልጎ የሚያገኝ ጆሮ ያለው ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ አሠራሩ ግን አንድ አይደለም። በሃይኩ የተሰወረ ሁለተኛ ትርጕም መፈለግ አይገባም፤ ነገሩ ነገሩ ራሱ ነው፥ ዝም ያለው ስሜቱ ነው።

የስብሰባውን ሥርዓት ደግሞ ብዙዎቻችሁ የምትወዱት ይመስለኛል። ስብሰባው «ኩካይ» ይባላል። አስቀድሞ የሚነገረው ርእስ «ኬንዳይ»፥ እዚያው በስብሰባው ላይ ድንገት የሚሰጠው «ሴኪዳይ» ነው። በቀጠሮው ቀን እያንዳንዱ ሰው ግጥሞቹን በጠባብ ቍራጭ ወረቀት፥ በአንድ ወረቀት አንድ ግጥም ብቻ ጽፎ፥ ስሙን ሳያሰፍር ያስረክባል። ወረቀቶቹ ተደባልቀው ለሁሉ ይታደላሉ፤ ሁሉም የደረሰውን የሌላ ሰው ግጥም በንጹሕ ወረቀት ላይ በራሱ እጅ ይገለብጣል። ይህን ማድረጋቸው የእጅ ጽሕፈት ሰውን እንዳያሳውቅ ነው። ከዚያ የተገለበጠው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ እያንዳንዱም ያስደሰቱትን ለይቶ ይመዘግባል። የራሱን ግጥም መምረጥ አይፈቀድለትም። በመጨረሻ የተመረጡት ጮክ ተብለው ይነበባሉ፤ ባለ ግጥሙም ያን ጊዜ ብቻ ስሙን ይናገራል። ስለዚህ ትናንት የገባው ጀማሪ ሦስት ሰው መርጦለት ስሙን በደስታ ሲናገር፥ ትልቁ መምህር ማንም ሳይመርጥለት ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ርእሱ አንድ መሆኑ የሚጠቅመው እዚህ ነው። ሁሉም በአንድ ነገር ላይ ስለ ገጠሙ፥ አንዱ ከሌላው በምን እንደ ተለየ ያለ ሐተታ ይታያል፤ ከዓመት በፊት የጻፉትን አሮጌ ግጥም ይዞ መምጣትም አያመችም። ዛሬ ኤን ኤች ኬ የተባለው የጃፓን ብሔራዊ የራዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅት በሃይኩ ዝግጅቱ ርእስ አስቀድሞ ይናገራል፤ ሕዝቡም ከየቦታው በዚያ ርእስ ገጥሞ ይልካል።

ከሁሉ የከበረው ርእስ ግን በቤተ መንግሥት የሚሰጠው ነው። በጃንዋሪ ወር በቶኪዮ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት «ኡታካይ ሐጂሜ» የተባለ የዓመቱ መክፈቻ የታንካ ጉባኤ ይደረጋል። ከ1874 ጀምሮ ማንኛውም ሰው ግጥም እንዲልክ ተፈቀደ፤ ከ1879 ጀምሮም ከሕዝቡ የተመረጡት በጉባኤው ላይ ይነበቡ ጀመር። አንድ ሰው አንድ ግጥም ብቻ፥ በብሩሽ በራሱ እጅ ጽፎ ይልካል፤ ዓይነ ስውር የሆነ በብሬል ለመላክ ይችላል። ርእሱ ብዙውን ጊዜ አንድ ቀላል ቃል ነው፤ የ2022 «መስኮት»፥ የ2023 «ጓደኛ»፥ የ2025 «ሕልም» ነበር። የቃሉ ፊደል በግጥሙ ውስጥ መግባት አለበት፥ ከሌላ ፊደል ጋር ተጣምሮም ቢሆን። የአንዱ ዓመት ጉባኤ ሲያበቃ የሚቀጥለው ዓመት ርእስ ይነገራል።

በጃንዋሪ 2011 የተደረገው ጉባኤ ርእሱ «ቅጠል» ነበር። እርሱ ሲያበቃ ለ2012 የተነገረው ርእስ «ዳርቻ» ሆነ፤ የባሕር ወይም የወንዝ ዳር ማለት ነው። ማንም ክፉ ነገር አላሰበበትም። በማርች 11 ቀን 2011 በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ታላቅ የምድር መናወጥ ሆነ፤ ባሕሩም ተነሥቶ በዚያ ዳርቻ ያሉትን ከተሞችና መንደሮች ጠረገ። ከ18 ሺህ በላይ ሰው ሞተ ወይም ደብዛው ጠፋ። ርእሱ ግን አልተለወጠም። በጃንዋሪ 2012 በጉባኤው የተነበበው ግጥም ሁሉ ያን ቃል የያዘ ነበር። እቴጌ ሚቺኮ በግጥማቸው ያሰቡት የጠፉባቸውን የሚጠብቁትን ሰዎች ነው፤ ቃሉ ወቅት የሌለው መሆኑንም አስተውለዋል።

እኔ ስለዚህ ነገር ብዙ አስቤአለሁ። ርእሱ «ደስታ» ወይም «ተስፋ» ቢሆን ኖሮ በዚያ ዓመት ቤተ ሰቡን የቀበረ ሰው ምን ብሎ ይጽፍ ነበር? ደስ ይበልህ ተብሎ እንደ መታዘዝ ይሆንበት ነበር። «ዳርቻ» ግን ስሜት አላዘዘም፤ ቦታ ብቻ ጠራ። ያዘነው ባዘነበት፥ ያላዘነው ባየው ነገር ለመግጠም ቻለ። ስለዚህ ርእስ የሚመርጥ ሰው የነገርን ስም እንጂ የስሜትን ስም ባይመርጥ ይሻላል ባይ ነኝ። ለሚመጣው ግንቦት «እናት» የሚል ርእስ ከጓደኞቼ ቀርቦ ነበር። መልካም ቃል ነው፤ ዳሩ ግን በየክፍሉ እናቱን ያጣ ልጅ አለ፥ ሁላችንም ስሙን እናውቃለን። በምትኩ «የቡና ስኒ» ይሁን አልሁ። እናቱን ለማመስገን የፈለገ በስኒው በኩል ያመሰግናል፤ የናፈቃት ይናፍቃል፤ ስለ እርሷ መናገር ያልፈለገም ስለ ስንጥቁ ወይም ስለ አተላው ጽፎ ይሄዳል፥ ማንም አይጠይቀውም። አንድ ጓደኛዬ «ስኒ ግጥም ይወጣዋል?» ብሎ ሳቀብኝ። ለማየት ያብቃን።

የጃፓን ግጥም ከአገሩ ሲወጣ ደግሞ ርእስ የመምረጥ ችግር ይበዛል። ለዚህ ጥሩ ምስክር የምትሆነው ብራዚል ናት። የመጀመሪያዎቹ ጃፓናውያን ስደተኞች ካሳቶ ማሩ በተባለች መርከብ ሳንቶስ ወደብ የደረሱት በ1908 ነው። የኪዮሺ ደቀ መዝሙር የሆነው ሳቶ ኔምፑኩም በ1927 ወደዚያው ሄዶ እያረሰ ለስደተኞቹ ሃይኩ ያስተምር ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ በብራዚል ጃንዋሪ በጋ ነው፥ ጁላይ ክረምት ነው። ከጃፓን የመጣውን መዝገብ ይዞ በጃንዋሪ «በረዶ» የሚል ርእስ የሚሰጥ ሰው የሚያስገጥመው ትዝታ ብቻ ነው። ትዝታ ደግሞ በዚያው አገር ለተወለዱት ልጆች አይተላለፍም። ስለዚህ የአገሩን ቃል መሰብሰብ ግድ ሆነ። በሳን ፓውሎ በ1987 በፖርቱጋል ቋንቋ ሃይኩ የሚጽፍ ማኅበር ተቋቍሞ በአገሩ ዛፍ በኢፔ ስም ተሰየመ፤ ኢፔ በደረቁ ክረምት ቅጠሉን አራግፎ አበባ ብቻ የሚሆን ዛፍ ነው። በ1996 ማሱዳ ጎጋና ቴሩኮ ኦዳ የብራዚልን የወቅት ቃላት በፖርቱጋል ቋንቋ በመጽሐፍ አወጡ። የጃፓኑን መዝገብ ተርጕመው ቢያስቀምጡ ሥራው ይቀልላቸው ነበር፤ እነሱ ግን ወጥተው አዩ።

እኛም ይህን ማድረግ አለብን። በቶኪዮ የዓመቱ ረጅም ቀን ከአጭሩ ቀን በአምስት ሰዓት ያህል ይበልጣል፤ በአዲስ አበባ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ያ በጣም የወደድሁት «ረጅም ሌሊት» ለእኛ ርእስ አይሆነንም። የእኛ ዓመት የሚከፈለው በቀን ርዝመት ሳይሆን በዝናብ ነው፤ በገበያና በጾም በፍስኩም ነው። ለታኅሣሥ «ውርጭ» ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ከቆላ የመጡ ጓደኞቻችን ውርጭ አያውቁም። «ፀሐይ መሞቅ» በሚል ለወጥሁት፤ ጠዋት ከክፍል በፊት በግድግዳው ጥግ ተሰልፈን የምንቆመውን ሁሉም ያውቃልና። ለሚያዝያ የበዓል ርእስ ተጠይቆ ነበር፤ ግን አንዱ የሚያከብረውን ሌላው አያከብረውም። ስለዚህ በዓሉን ትቼ «የሽንኩርት ሽታ» አልሁ። የዋዜማ ሽንኩርት አጥር አይከለክለውም፥ ሃይማኖትም አይጠይቅም። ለሰኔ የተመረጠው «ዣንጥላ» ነው። የካቲት ገና አልተገኘለትም፤ የነፋሱን አቧራ የሚጠራ ቃል ያለው ሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

የኅዳር ርእስ «ጢስ» ነው። ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን። ታናናሾቻችን እሳቱን ይዘላሉ፥ እናቶች የተሰጣ ልብስ ይሰበስባሉ፥ ከተማው ሁሉ ይጨልማል። ልማዱ የቀረልን በ1911 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፥ በአውሮፓ በ1918፥ ከገባው የኅዳር በሽታ ነው ይባላል፤ ያ በሽታ በአዲስ አበባ ብዙ ሰው የፈጀ ነው። ይህን የሚያውቅ እያወቀ፥ የማያውቅም ዓይኑን እያሸ ይገጥማል። በጥቅምት መጀመሪያ በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ወላጆችና መምህራንም ቢልኩ እንቀበላለን። አንድ ግጥም በአንድ ጠባብ ወረቀት ይሁን፤ ስም አይጻፍበት።